የሚመለከተው አካል

ባለፈው ክረምት አሮጌው ኮምፒውተሬ መንገዳገድ ሲጀምር ፋይሎቼን ወደ ሌላ ማዛወር ግድ ሆነብኝና የ17 ዓመት ጽሑፎቼን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ቋሚ ቀጣሪ የሌለኝ፣ በየጽሑፉ እየተከፈለኝ የምኖር ሰው ስለሆንኩ የጻፍኩት ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የስኳር ሰልፍ፣ የታክሲ ታሪፍ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ የሰፈር ፍሳሽ ሳይቀር አለበት። ልብ ብዬው የማላውቀውን ነገር ያየሁት የየጽሑፉን የመጨረሻ አንቀጽ ሳነብ ነው። ከ140 ጽሑፎች ውስጥ 93ቱ በቃላት አቀማመጥ ትንሽ ይለያዩ እንጂ የሚያበቁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከተው አካል አስቸኳይ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።» ሽንኩርት ሲወደድ ለሸማቹ ሲባል የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ ብያለሁ፤ ሽንኩርት ሲረክስ ደግሞ ለገበሬው ሲባል ያው አካል ትኩረት እንዲሰጥ ጠይቄያለሁ። አካሉ ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓይንና ስንት እጅ እንዳለው፣ ትኩረት ሲሰጥስ ምን እንደሚያደርግ ግን አንድም ቦታ ላይ አልጠየቅሁም።

የሚያውቁኝ ሰዎች የዛሬ አቋሜን፣ ማለትም የመንግሥት እጅ ከሰው ኑሮ ይሰብሰብ የሚለውን ሊበርታሪያንነቴን፣ ሲሰሙ «ምን አንብበህ ነው እንዲህ የሆንከው?» ይሉኛል። ንባቡ የመጣው ኋላ ነው፤ ነገሩ የጀመረው ከሚያፈስ ጣራ ሥር ነው።

ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት «ትርፍ ቤቶች» አንዱ ነበር። አዋጁ የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራያቸውንም ቀነሰ። የቤታችን የቀድሞ ባለቤት ከእኛ ጀርባ፣ በቀረቻቸው አንዲት ክፍል ይኖሩ ነበር። እኛ ልጆቹ እማማ ነበር የምንላቸው። ኪዳነ ምሕረትን ስመው ሲመለሱ አንዳንድ ቀን ደጃችን ላይ ቆም ይሉና የግድግዳውን ልስን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ ምንም ሳይናገሩ ያልፋሉ። አባቴን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ስጠይቀው «ድሮ በሰው ላብ የሚኖሩ ነበሩ» አለኝ። እማማ ያንን ቤት የሠሩት አረቄ እያወጡ በመሸጥ መሆኑን፣ በግራ ክንዳቸው ላይ የነበረው ጠባሳም ከዚያው ምድጃ የመጣ መሆኑን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ በለቅሷቸው ቀን ነው።

ጣራው ክረምት በገባ ቁጥር ያፈስ ነበር። ሳፋውና ባልዲው ቋሚ ቦታ ነበራቸው፤ ሌሊት የውኃውን ድምፅ ሰምተን የትኛው እንደሞላ እናውቅ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ለመለወጥ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። አባቴ ማመልከቻ አስገብቶ ስምንት ወር ጠበቀና በመጨረሻ አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት፣ እኔ መሰላል ይዤለት፣ በስርቆሽ አስተካከለው። እማማ የማደስ መብት አልነበራቸውም፣ እኛ ፈቃድ አልነበረንም፣ ቀበሌው ደግሞ ገንዘብ አልነበረውም። ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም፦ በአባቴ የመምህርነት ደመወዝ አምስት ልጆች መሃል ከተማ ላይ ተቀምጠን ልንማር የቻልነው ኪራዩ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ በታች ስለነበረ ነው። ከዚያ ውርስ ተጠቃሚ ነኝ። የእማማን መዳፍ ከግድግዳው ላይ ልረሳው ያልቻልኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

አባቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዱ ነበር። ግራ ዘመምነትን ከእሱ እንደ ቁመናዬ ወረስኩት፤ መርጬው አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተስፋ አድርጌ፣ ከምርጫው በኋላ በሆነው አዝኜ፣ ከዚያም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልማታዊ መንግሥት የሚለው ሐሳብ ቀስ በቀስ ገዛኝ። መንገድና ትምህርት ቤት ሲሠራ በዓይኔ አይ ነበር። «ኒዮሊበራል» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የተጠቀምኩባቸው ሰባት ጽሑፎች አሁንም ፋይሌ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በሰባቱም ውስጥ አላብራራሁም። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ፍትሕ ሚኒስቴር በአምስት መጽሔቶችና በአንድ ጋዜጣ ላይ ክስ መመሥረቱን ሲያስታውቅ እጽፍበት የነበረ ዓምድ አብሮ ቀረ፤ የሁለት ወር ክፍያዬም እንዲሁ። ያኔም ቢሆን መደምደሚያዬ «ክፉ ሰዎች ሥልጣን ላይ ስለተቀመጡ ነው» የሚል ነበር። ክፉዎቹ ሄደው ደጎቹ ቢመጡ የሚመለከተው አካል በትክክል ይመለከታል ብዬ አምን ነበር።

ያንን እምነት ያናጋው የአክስቴ ሱቅ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነና የሒሳብ መዝገብ የማይይዙ ነጋዴዎች፣ የቀን ገቢያቸው ተገምቶ ግብር ሲጫንባቸው የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በየከተማው ሱቅ የተዘጋበት፣ ቅሬታ ለማሰማት ሰው ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈበት ክረምት ነው። አክስቴ በሰፈራችን በር ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ ዳቦ፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ ለስላሳ። ገማቾቹ ሦስት ነበሩ። ቆይታቸው ሩብ ሰዓት አይሞላም። አንደኛው ጥግ ላይ የተደረደሩትን የለስላሳ ሣጥኖች በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ከዘጠኙ ሣጥኖች ስድስቱ ባዶ ጠርሙስ የተቀመጠባቸው ናቸው፤ ከነሱም ሁለቱ የጎረቤት ግሮሰሪ ቦታ ሲጠበው ያስቀመጣቸው ነበሩ። እሱ ግን ባዶውን «የተሸጠ» ብሎ ሙሉውን «የሚሸጥ» ብሎ መዘገበው። አክስቴ ለማስረዳት አፏን ስትከፍት «እናቴ፣ ቅሬታ ካለሽ በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ» አላት፤ በትሕትና ነው ያላት፣ ይህን ልመሰክርለት ይገባኛል።

ማንም ያልጠየቃት ነገር ባንኮኒው ሥር የነበረውን የዱቤ ደብተር ነው። ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበር። ሰፈሩ በሙሉ በዚያ ውስጥ አለ፤ ደመወዝ ሲወጣ የሚከፍለው፣ ባሏ ከዓረብ አገር ሲልክ የምትከፍለው፣ ሥራ የፈታውና የማይጠየቀው፣ ለልጆቹ ዳቦ የሚሰጠው ነገር ግን ሲጋራ በዱቤ የማይሰጠው። ከቀን ሽያጯ ምን ያህሉ በእጇ የሚገባ ገንዘብ፣ ምን ያህሉ ተስፋ፣ ምን ያህሉ ደግሞ በቁሙ ምጽዋት እንደሆነ የምታውቀው አክስቴ ብቻ ናት። የመጣባት ግብር በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሲሆን የተገመተው ግን ከነዱቤውና ከነምጽዋቱ ነበር። ቅሬታ አቀረበች፤ ትንሽ ተቀነሰላት፤ የሚቀጥለው ዓመት ሳያልቅ ሱቁን ዘጋችው። ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው።

በጉዳዩ ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ ፋይሌ ውስጥ አለ። የሚያበቃው «የሚመለከተው አካል የተሻለ የግምት ሥርዓት ሊዘረጋ ይገባል» በሚል ነው። ጽሑፉን ያነበበ አንድ የቆየ ወዳጄ፣ የምጣኔ ሀብት መምህር ነው፣ «ምን ዓይነት ሥርዓት ቢዘረጋ ነው የአክስትህን ደብተር ሊያነብ የሚችለው?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ ሳጣ ፍሬድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመውን አንድ አጭር ጥናት ላከልኝ። ኦስትሪያዊው ሊቅ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ማኅበረሰብ የሚኖርበት ዕውቀት በአንድ ራስ ወይም በአንድ ቢሮ ተጠቃሎ አይገኝም፤ በየሰዉ፣ በየቦታውና በየሰዓቱ ተበትኖ ነው ያለው፤ ስለዚህ ከላይ ሆኖ የሚያቅደው ሰው ምን ያህል ቅን ቢሆን ለማቀድ የሚያስፈልገው ዕውቀት እጁ ላይ የለም። ጥናቱ ስለ ዋጋና ስለ ገበያ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ያነበብኩት ስለ ዱቤ ደብተር ነው። ገማቹ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ ነው ያስደነገጠኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄዬ «ሥልጣኑን ማን ይያዘው?» የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ይህን የሚያህል ሥልጣን ለምን በአንድ እጅ ይኖራል?» ወደሚለው ዞረ።

አንድ የዘመን መገጣጠም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሃየክ የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማት ከስዊድናዊው ጉናር ሚርዳል ጋር የተጋራው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ወሩ ሳያልቅ ስቶክሆልም ላይ «ሁሉን ከማዕከል ማቀድ አይቻልም» የሚለው ሰው ተሸለመ፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ፤ የተቀበልኩትም ያልተቀበልኩትም አለ። የአሜሪካ ሊበርታሪያኖች የሚጽፉት ሁሉ ለእኔ አገር ጆሮ የሚጥም አይደለም፤ ስለ ጠመንጃ የሚያነሡትን ክርክር ለምሳሌ እዚህ አገር ላይ ሆኜ በሰላም ልቡና ላነበው አልቻልኩም። የቃሉም ነገር ራሱን የቻለ ችግር ነው። «ሊበርታሪያን ነኝ» ስል ሰው አይገባውም፤ ወደ አማርኛ መልሼ «የነጻነት ነገር ነው» ስል ደግሞ አንድ የሰፈር ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የትኛው ነጻ አውጪ ነው ጋሼ?» ብሎኛል። አልፈረድኩበትም፤ በዚህ አገር «ነጻነት» የሚለው ቃል ያለ ግንባርና ያለ ባንዲራ ብቻውን ሲሄድ ታይቶ አይታወቅም። የግለሰብ ነጻነት ማለቴ እንደሆነ፣ ማለትም ሰው በሌላው ላይ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ጉልበቱን፣ ገንዘቡንና ቃሉን ራሱ እንዲያዝበት፣ መንግሥትም ዳኝነትና ጥበቃ ላይ ጠንክሮ ከሌላው እጁን እንዲሰበስብ የሚል ሐሳብ እንደሆነ ሳስረዳው «እሱማ ማን ይጠላል» አለኝ።

ሐሳቡን ከመጽሐፍ ወደ ኪሴ ያወረደው የራሴ ሥራ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለአንድ የውጭ ደንበኛ የማስረክባቸው ሦስት ጽሑፎች ፍላሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ስልክ ደውሎ ማስረዳት እንኳ አስቸጋሪ ሆኖብኝ አገልግሎቱ ሲመለስ ያገኘሁት ሥራው ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሚገልጽ ትሑት ደብዳቤ ነው። ያኔ የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለነበረ «ሁለተኛ ድርጅት ቢገባ» እል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ገባ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁለት ድርጅት መኖሩ የሞጣን ወይም የላሊበላን ሰው አላዳነውም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው እጅና የሚያዘጋው እጅ አንድ ነበሩና።

የዶላሩ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ድምፅ የለውምና። የውጭ ደንበኞቼ የሚልኩልኝ ክፍያ በባንክ በኩል ሲገባ በይፋዊው ተመን ይመነዘራል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ ድረስ ይህ ተመን 57 ብር አካባቢ ነበር። እኔ የምገዛው ላፕቶፕ፣ መድኃኒትና ዘይት ግን ዋጋው የሚሰላው በጥቁር ገበያው ሲሆን እሱ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ጽሑፍ ግማሽ ዋጋ የት ሄደ? የትኛውም ምክር ቤት እጅ አውጥቶ ያላጸደቀው፣ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነበር። ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባንኮቹ ከ100 ብር በላይ መግዛት ሲጀምሩ ብዙ ወዳጆቼ በኑሮ ውድነቱ አዘኑ፤ እኔም ከነሱ ጋር ዘይት እገዛለሁና አዘንኩ። ነገር ግን ለዓመታት የጠፋብኝ ግማሽ የት እንደነበረ ያየሁት ያኔ ነው።

ከአባቴ ጋር ያለን ክርክር የሚያጠነጥነው በመሬት ላይ ነው። አሁን ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ ጆሮው ቢደክምም ፖለቲካ ሲሆን ይሰማል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግል አይሆንም፣ አይሸጥም አይለወጥም። እኔ ይህ አንቀጽ የንግግር ነጻነት አንቀጹ ከሚከፍተው በላይ አንደበትን እንደሚዘጋ አምናለሁ፤ የቆመበት መሬት የሰጪው የሆነ ሰው ሰጪውን ደፍሮ አይናገርም። አባቴ ደግሞ ገበሬው መሬቱን ሸጦ ከተማ ይፈልሳል፣ ባለገንዘብ ይሰበስበዋል ይላል፤ ስጋቱ ባዶ አይደለም፣ ጭሰኛውን በዓይኑ አይቷል። ባለፈው ፋሲካ ግን በክርክራችን መሃል ዝም ብሎ ቆየና «እኛ እኮ መሬት ለአራሹ ነው ያልነው፤ መሬት ለመንግሥት ያለ ሰው አላስታውስም» አለ። ከዚያ በኋላ ቡናውን ጠጣ። እኔም አልገፋሁበትም።

የማልመልሳቸው ጥያቄዎች አሉብኝ። ትልቁ ጥያቄ መንገድ ላይ ያለው ነው። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ስለታገቱት ተማሪዎች ስንሰማ፣ ያው የኢኮኖሚክስ መምህር ወዳጄን ሳይሆን እናቴን ነው ያስታወስኩት፤ «መንግሥት የሌለበት አገር አታድርገን» ብላ ትጸልይ ነበር። መንግሥት ባፈገፈገበት መንገድ ላይ ነጻነት ሲገባ አላየንም፤ የገባው ሌላ ኬላና ሌላ ቀራጭ ነው። ለዚህ ነው መንግሥት ጨርሶ አያስፈልግም ከሚሉት ጋር የማልሄደው። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ የአክስቴን ባዶ ጠርሙስ ለመቁጠር ሦስት ሰው የሚያሰማራ መንግሥት ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው አጥሮታል። ሴፍቲኔትም አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በድርቅ አካባቢ ሚሊዮኖች በሥራና በእርዳታ የከረሙበት መርሐ ግብር ነው። «ይቅር» የሚል ወረቀት ቢመጣልኝ አልፈርምም። ወጥነት የለህም የሚለኝ ካለ ትክክል ነው።

ወዳጆቼ «ታዲያ ያለ መንግሥት ድሃውን ማን ይደርስለታል?» ሲሉኝ ቶሎ ወደ አፌ የሚመጣው ዕድር ነው። እናቴ ስታርፍ ጡሩንባው ከተነፋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ብረት ድስቱ ተጥዶ ነበር፤ ይህን ያዘዘ አዋጅ የለም። ነገር ግን ዕድራችን ለሦስት ወር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ እንደማይቀበል አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁና ማመልከቻውን የመለስኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ባለፈው ወር አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ እንድጽፍ ጠየቀኝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ፣ የጭማሪውንም መጠን ተቆጣጣሪው እንዲወስን ያዛል። ተከራይ ነኝ፤ አዋጁ የወጣው ለእኔ ነው። የጻፍኩት ግን ስለ ጎረቤቴ ነበር፤ በሰርቪስ ቤቷ ተከራይ ከማስገባት ይልቅ የድንች መጋዘን ማድረግን ስለመረጠች ሴት፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ሊያድር ይችል ስለነበረውና ማንም ስለማይቆጥረው ሰው። የመጨረሻውን አንቀጽ ስደርስ ጣቶቼ ያችን ዓረፍተ ነገር እንደ ልማዳቸው ጻፏት። አጠፋኋትና ላክሁት።

አዘጋጁ በማግስቱ ደወለ። «ጋሼ፣ መጨረሻው ተቆርጦ ነው መሰለኝ የደረሰኝ» አለኝ።

«አልተቆረጠም፤ እሱ ነው መጨረሻው።»

«ታዲያ የሚመለከተው አካል ምን ያድርግ ነው የሚለው?»

«ምንም» አልኩት። ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል። መጽሔቱ ሲወጣ ገዝቼ ገጹን ስከፍት ጽሑፌ እንዳለ ነበር፤ ከድንቹ ቀጥሎ ግን በእኔ ስም አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበታል። ቆጠራዬ 94 ደረሰ።